ባሕር ወረቀት አያነብም!

«ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይባላል። እኔም የነበርኩበትን፣ በገዛ እጄ የፈረምኩበትን ነገር ልናገር ነው ብዕር ያነሳሁት። ከወቀሳው ትልቁን ድርሻ ለራሴ ስለምወስድ፣ የማነሳው ጥያቄ የሚቆረቁራቸው ሹማምንት ካሉ ከወዲሁ ይታገሱኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአገሩ ወሬ ሁሉ ባሕር ባሕር ይሸታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር የሰጡት ገለጻ በቴሌቪዥን ከተላለፈ በኋላ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሞቃዲሾ ተቆጣች። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አንካራ ላይ ሌላ መግለጫ ወጣ። ቡና ቤት ተቀምጦ ማኪያቶውን የሚያማስለው ሁሉ አሰብን እንደ ጓሮው በእርምጃ ይለካታል። ይሁን፣ መመኘት ነውር የለውም። ዕድሜዬን በጨው ውኃ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝና ባሕር አያስፈልገንም ብል ምላሴ ይቆረጥ!

ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድም ሰው ሲጠይቅ ያልሰማሁት ነገር አለ። ወደቡም ተገኘ፣ መርከቡም ተገዛ እንበል። ማነው የሚያንቀሳቅሰው? የሚያንቀሳቅሰውንስ ልጅ ማነው የሚያስተምረው? አስተማሪውንስ ማን መረመረው?

ይህን ለመጠየቅ ወደብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ወደብ ሳይኖረን መርከብ አለን። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ምጽዋና አሰብ ከእጃችን ከወጡም በኋላ ሰንደቅ ዓላማችንን በየውቅያኖሱ ሲያውለበልብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ውስጥም 9 አዳዲስ መርከቦች በቻይና ተሠርተውለት ተረክቧል። ባሕር ዳር ላይ የማሪታይም ማሰልጠኛ ተቋም አለን። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይም የማሪታይም አካዳሚ አለን። በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከየዩኒቨርሲቲው የወጡ ልጆች ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የነገ ሳይሆን የዛሬ ነው። የሰው ልጅ ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

የእኔ ነገር

እኔ የመርከብ ሞተርን የተማርኩት በ1970ዎቹ ምጽዋ ላይ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ያን ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም የኖርዌይ መኮንኖች ናቸው ያደራጁት። መኮንን የሚሆነው ሰው ከ4 ዓመት በላይ ይማር ነበር። እኔ የደረስኩበት ዘመን ሌላ ዘመን ነው፣ ጦርነት ነው፣ እጥረት ነው። ነገር ግን የማስተማር ወጉ ገና አልጠፋም ነበር።

አንድ አሮጌ አለቃ ነበሩን። በምጽዋ ሙቀት፣ ብረቱ እጅ በሚልጥበት ሰዓት፣ ዓይናችንን በጨርቅ አስረው ፓምፕ ያስፈቱን ነበር። ፈትተን፣ ጠርገን፣ መልሰን መግጠም አለብን። አንዱ ብሎን ከቀረ እንደገና ነው። በልባችን እንሰድባቸው ነበር። «ጭስ ሲገባ ዓይን ሥራ ይፈታል። ያኔ የሚያድናችሁ እጃችሁ ነው» ይሉን ነበር። እውነታቸውን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በየካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። በ1983 የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። በ1988 ባሕር ኃይሉ ጭራሹን ፈረሰ። እኛም ተበተንን። ከመካከላችን ታክሲ የነዳ አለ፣ ዘበኛ የሆነ አለ፣ በስደት የቀረ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት የተገነባ የእጅ ሙያ ማንም «ኑ፣ ለልጆች አስተላልፉልን» ሳይለው በየሰፈሩ አረጀ። ዛሬ መምህር ጠፋ ሲባል ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። መምህር አልጠፋም ነበር፣ ተጣለ እንጂ!

እኔ ዕድል ቀንቶኝ በንግድ መርከብ ከሞተር ክፍል ጽዳት ጀምሬ እስከ ሁለተኛ መሐንዲስነት ደረስኩ። ጉልበቴ ሲደክም፣ ከቀይ ባሕር ማዶ ባለ አንድ አገር፣ በአንድ የግል የመርከበኞች ማሰልጠኛ ውስጥ በመምህርነት ተቀጠርኩ። የትምህርት ቤቱንም ሆነ የአገሩን ስም አልጠራም። የምናገረው ስለዚያ ቤት ብቻ አይደለምና።

የፈረምኩት ወረቀት

በዚያ ቤት 40 ሠልጣኝ በአንድ ክፍል ይቀመጣል። ሁለት ቋሚ መምህራን ነበርን። የቁጥጥር ሰዎች በሚመጡበት ሳምንት ግን ስድስት እንሆናለን! አራቱ ካፒቴኖችና መሐንዲሶች የሚመጡት ለዚያን ቀን ነው። ስማቸውና የምስክር ወረቀታቸው ቅጂ በፋይል ውስጥ ተቀምጧል፣ እነሱ በማግሥቱ የሉም። እኔ የሞተር ሰው ሆኜ ሳለሁ «ለጊዜው ያዝልን» ተብዬ ስለ ራዳርና ስለ ባሕር ካርታ አስተምሬያለሁ። ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ቀድሜ እያነበብኩ ማለት ነው። እሳት ማጥፊያ ልምምድ በሚባለው ሜዳ ላይ የተደረደሩት የመተንፈሻ ጠርሙሶች ባዶ ነበሩ። ሲሙሌተር የሚሉት ኮምፒዩተር ተቆልፎ ነው የሚውለው። የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል።

ስለዚህ ምን አደረግሁ? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ሥዕሌ ቆንጆ ነው፣ ልጆቹም ይገለብጣሉ። በኮርሱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ «በተግባር ሲሠራ አይቼው ብቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» የሚል ቅጽ ቀረበልኝ። ምንም አላየሁም። ፈረምኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ በአሠሪዎቼ እጅ ነበር፣ ልጆቼ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቃሉ። ምክንያት ነው ይህ? ለእኔ ምክንያት ነበር። ለባሕር ግን ምክንያት አይደለም።

ከተማሪዎቼ አንዱ ያገሬ ልጅ ነበር። እናቱ እዚያው አገር በሰው ቤት ሠርታ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅማ ነው የከፈለችለት። ጎበዝ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ። ሠልጥኖ፣ ባሕር ወጥቶ፣ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆነ። አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

በመርከቡ ላይ የጄኔሬተሩ የነዳጅ ቱቦ ፈንድቶ፣ ነዳጁ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ተረጭቶ እሳት ተነሳ። እዚህ ላይ ባሕር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በሞተር ክፍል እሳት ሲያይል የመጨረሻው መድኃኒት ክፍሉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መሙላት ነው። ጋዙ እሳቱን የሚገድለው አየር አሳጥቶ ነው። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ እሱንም አብሮ ይገድለዋል። ስለዚህ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ደወል ይደወላል፣ ሰው አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ አየር የሚያስገቡት ማራገቢያዎች ይቆማሉ፣ በሮች ይዘጋሉ። ወደ ሞተሮቹ የሚሄደው ነዳጅም ከውጭ ሆኖ በሚጎተት እጀታ ይቆረጣል። እነዚህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ መፈጸም አለባቸው።

ነዳጁን የመቁረጥ ተራ የልጁ ነበር። በዚያ ጨለማና ጭስ ውስጥ እጀታዎቹ ያሉበትን ሳጥን አገኘው። የትኛው የየትኛው እንደሆነ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ከመሳብ በፊት የሚነቀል ሽቦ እንዳለው ግን አያውቅም። ሲታገል ደቂቃዎች አለፉ። ሰው ሲቆጠር ደግሞ አንድ ጎደለ። ብየዳ ሠራተኛው የለም! «ጋዙን ልቀቁ» የሚሉም ነበሩ፣ ሁለተኛው መሐንዲስ «ሰው ሳይገኝ አይለቀቅም» ብሎ እጁን አሳጥሮ ያዘ። ሰውየው በማምለጫው መሰላል በኩል እጆቹ ተቃጥለው፣ ግን በሕይወት ወጣ። እሳቱም ጠፋ።

ልጁ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሥዕሉን አስታወስኩት። እጄ ግን አላወቀውም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ፊርማዬ እፊቴ ተደቀነች። ሰውየው ሞቶ ቢሆንስ? መርማሪ ቢመጣ የልጁ ወረቀት ሙሉ ነው፣ የእኔም ፊርማ ሙሉ ነው። ጥፋተኛ የሚባለው ልጁ ነው። በዓመቱ ሥራዬን ለቅቄ አገሬ ገባሁ።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስ ቲ ሲ ደብሊው የሚባለው የመርከበኞች የሥልጠናና የምስክር ወረቀት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። የመጀመሪያው ረቂቅ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት። ብዙውን መመዘኛ «አስተዳደሩን በሚያረካ ሁኔታ» እያለ ለየአገሩ ትቶት ነበር። አንዱ አስተዳደር በብዙ ይረካል፣ ሌላው በጥቂት ይረካል፣ አንዳንዱም በክፍያ ብቻ ይረካል።

ዋጋው በሰው ሕይወት ተከፈለ። በሚያዝያ ወር 1990 እ.ኤ.አ. ስካንዲኔቪያን ስታር የምትባለው የመንገደኞች መርከብ ከኖርዌይ ወደ ዴንማርክ ስትሄድ በእሳት ተያያዘችና 159 ሰዎች አለቁ። ሠራተኞቹ ለዚያ መርከብ አዲስ ነበሩ፣ የእሳት ልምምድ አላደረጉም፣ ብዙዎቹም ከመንገደኞቹ ጋር መግባቢያ ቋንቋ አልነበራቸውም። ከእንዲህ ዓይነቱ አደጋ በኋላ ነው በ1995 እ.ኤ.አ. ስምምነቱ ከሥር መሠረቱ የተለወጠው። ከዚያ ወዲህ መርከበኛው ምን «ተማረ» ብቻ ሳይሆን ምን «መሥራት ይችላል» የሚለው መለኪያ ሆነ። በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ሕጉን በሥራ ላይ አውለዋል የተባሉ አገሮች «ነጭ ዝርዝር» ወጣ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማኒላ ላይ እንደገና ተሻሻለ።

ሕጉ ስለ መምህሩ ዝም አላለም። አሠልጣኙ በሚያስተምረው ሥራ ላይ ራሱ ብቁ መሆን አለበት ይላል። በሲሙሌተር የሚያስተምር ከሆነ፣ በሲሙሌተር የማስተማር ዘዴን የተማረና በዚያው ዓይነት መሣሪያ ላይ በተግባር የሠራ መሆን አለበት። ፈታኙም እንዲሁ የመፈተን ዘዴን የሚያውቅ ይሁን ይላል። ጠቅላላው አሠራር ከ5 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በሥራው እጃቸው በሌለበት ገለልተኛ ሰዎች መገምገም አለበት። የሞተር መኮንን ለመሆንም የወርክሾፕ ልምምድንና የባሕር አገልግሎትን አጣምሮ ቢያንስ 12 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 6 ወር በሞተር ክፍል ተረኝነት፣ በመዝገብ ተይዞ መሠራት አለበት። የተመዘገበ ሥልጠና ከሌለ ግን 12 ወሩ 36 ወር ይሆናል።

እንግዲህ ወረቀቱ እንዲህ ያምራል። ታዲያ ለምን አልሠራም?

መምህር የት ሄደ?

መልሱ ቀላል ነው። ባሕር ላይ ሄደ!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የዓለም የሥራ ድርጅት በሚያወጣው መነሻ መሠረት የአንድ ተራ ብቁ መርከበኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በ2025 እ.ኤ.አ. 673 ዶላር ነበር። ይህ ወለሉ ነው፣ ያውም ገመድ ለሚጎትተው። ዋና መሐንዲሱና ካፒቴኑ የዚህን ብዙ እጥፍ ነው የሚያገኙት። በሌላ በኩል በመንግሥት ስኬል በብር የሚከፈለውን መምህር አስቡት። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ልዩነቱ ገደል ሆኗል። ሙሉ የምስክር ወረቀት ያለው፣ በጉልበቱ የሚተማመን ዋና መሐንዲስ ያንን ትቶ ጠመኔ የሚይዘው ለምን ብሎ ነው? ለጽድቅ?

ሁለተኛው ወጥመድ ብዙ ሰው አያውቀውም። የመርከብ መኮንን የምስክር ወረቀት እንደ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ የምትኖርበት አይደለም። በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ለማደስ ዋነኛው መንገድ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 12 ወር፣ ወይም ባለፉት 6 ወራት ውስጥ 3 ወር ባሕር ላይ መሥራት ነው። አለዚያ ተመጣጣኝ ሥራ መሥራትህን ማሳመን ወይም እንደገና ሠልጥነህ መፈተን አለብህ። ስለዚህ መምህር ሆኖ የብስ ላይ የተቀመጠ ሰው ወረቀቱ በእጁ ላይ ሊሞትበት ይችላል። ሲሞትበት ወደ ባሕር መመለሻ ያጣል። ይህን የሚያውቅ ወጣት መኮንን ማስተማርን እንደ መቃብር ነው የሚያየው።

በዚህ የተነሳ በየአገሩ ማሰልጠኛው ሁለት ዓይነት ሰው ይቀርለታል። አንዱ እንደ እኔ ያረጀ፣ የመጨረሻ መርከቡን ያየው ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ሰው ነው። ሌላው ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣ፣ ቀመሩን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ግን የሞተር ክፍል ሙቀት ፊቱን ገርፎት የማያውቅ ልጅ ነው። ሁለቱም አይናቁም። ግን ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ትምህርቱ በደረቅ መሬት ላይ ዋና ማስተማር ይሆናል። መርከቡ ደግሞ አይጠብቅም። ዛሬ በሜታኖልና በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄዱ መርከቦች ባሕር ላይ ናቸው፣ አሞኒያም እየተከተለ ነው። እኔ የማውቀው ናፍጣ ነው!

የሰው ቤት ሲንኳኳ

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ ነው የሚል ካለ ፊሊፒንስን ይመልከት። ከዓለም ቀዳሚ የመርከበኛ አቅራቢዎች አንዷ ናት። የአውሮፓ የባሕር ደኅንነት ኤጀንሲ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተመላለሰ ሲመረምራት ጉድለት ያገኝባት ነበር። በሥልጠና ክትትልና ግምገማ፣ በፈተና አሰጣጥ፣ በኮርስ ዝግጅትና ማጽደቅ፣ በመሣሪያና በሲሙሌተር አጠቃቀም፣ በመርከብ ላይ ልምምድ ጭምር ማለት ነው። በመጨረሻ አውሮፓውያኑ «ካላስተካከላችሁ ወረቀታችሁን አንቀበልም» አሉ። በአውሮፓ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ባሉ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ወደ 50,000 የሚጠጉ ፊሊፒናውያን ካፒቴኖችና መኮንኖች እንጀራቸው በአንድ ክር ላይ ተንጠለጠለ። ጉዳዩ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ድረስ ደረሰ። በመጋቢት መጨረሻ 2023 እ.ኤ.አ. ነው «እሺ፣ እናንተም አሻሽላችኋል፣ እንቀጥል» የተባሉት።

ጆርጂያ ግን ያን ያህል ትዕግሥት አላገኘችም። በ2010 እ.ኤ.አ. አውሮፓ የጆርጂያን ወረቀት መቀበል አቆመች። ነገሩ እስኪስተካከል ዓመታት ፈጀ።

ልብ በሉ! የሚቀጣው ያጭበረበረው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በደንብ የተማረውም፣ ያልተማረውም፣ በዚያች አገር ወረቀት የሚሠራው ሁሉ ነው አብሮ የሚመታው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነውና፣ አናቱ ሲሸት ገበያው ሙሉውን ዓሣ ይጥለዋል።

ወደ ቤታችን

እንግዲህ ወደ እኛ። የኢትዮጵያ ልጆች አይችሉም የሚል ሰው ካለ እኔ ቀድሜ እሟገተዋለሁ። የምህንድስና ምሩቅን ወስዶ የባሕር መሐንዲስ ማድረግ በራሱ ብልህ ሐሳብ ነው። ገበያውም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት ጥናት በዓለም ላይ 26,240 መኮንኖች ጎድለዋል፣ እስከ 2026 ደግሞ ተጨማሪ 89,510 ያስፈልጋሉ ብሎ ነበር። ለሥራ አጥ ወጣቶቻችን ይህ በር ነው። የውጭ ምንዛሪም ነው። ማን ይጠላል?

የሚያስፈራኝ የሹማምንቶቻችን የቁጥር ፍቅር ነው። በመድረክ ሁሉ የሚጠራው «ይህን ያህል አስመረቅን፣ ይህን ያህል ልናስመርቅ አቅደናል» ነው። የተመራቂ ቁጥር ይነገራል። የመምህር ቁጥር ግን ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በአንድ ጊዜ ስናባዛ የሆነውን እናውቃለን። ሕንፃው ቀደመ፣ ተማሪው ገባ፣ መምህሩ ትናንት የተመረቀው ልጅ ሆነ። በክፍል ውስጥ የተሠራ ስሕተት ጥቂት ዓመት ይደበቃል። በሞተር ክፍል ውስጥ የተሠራ ስሕተት ግን የሚደበቀው እስከ መጀመሪያው እሳት ድረስ ነው።

ስለዚህ የማሪታይም ባለሥልጣኑንም፣ ማሰልጠኛዎቹንም፣ በላያቸው ያለውን መንግሥትም በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ በጎ ከሆነ ደግሞ እኔው ራሴ በዚሁ ጋዜጣ ላይ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ከመምህራኑ ስንቱ ዛሬ የሚሠራ የምስክር ወረቀት አላቸው? ለመጨረሻ ጊዜ ባሕር ላይ የነበሩትስ መቼ ነው? ስማቸው አይፈለግም፣ ቁጥሩ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ሰው አንድ ነው ወይስ ሁለት? እኔ ያስተማርኩትን ራሴው ስፈትን የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በመርከብ ላይ የሚለማመድበት አልጋ ከመግባቱ በፊት ተይዞለታል? አንድ መርከብ ለካዴት የምትሰጠው አልጋ በጣት የሚቆጠር ነው። የባሕር ጊዜውን ያላገኘ ምሩቅ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው። የምሕንድስና ሥራውንም ትቷል፣ መርከበኛም አልሆነም።

አራተኛ፦ በየ5 ዓመቱ የሚደረገው የገለልተኛ ግምገማ ውጤት ለምን ለሕዝብ አይወጣም? ጉድለት ቢገኝ ነውር አይደለም። ፊሊፒንስን ያዳናት ጉድለቷን አምና ማስተካከሏ ነው። ነውሩ መደበቅ ነው።

መፍትሔውም ከሰማይ አይወርድም። መምህሩ ለጥቂት ወራት ባሕር ወጥቶ የሚመለስበት የፈረቃ ሥርዓት ይዘርጋለት። መርከቡ አለን እኮ! በራሳችን መርከብ ላይ ዓመት አስተምሮ በክረምት ቢሳፈር ወረቀቱም አይሞትበትም፣ እውቀቱም አይዝግበትም። ክፍያው በመምህርነት ስኬል ሳይሆን መርከብ ላይ ከሚያገኘው ጋር ተነጻጽሮ ይታሰብ። ከሠልጣኞቹ ሥራ የውጭ ምንዛሪ የሚገኝ ከሆነ፣ ከዚያች ዶላር ጥቂቷ ወደ መምህሩ ብትመለስ ማን ይጎዳል? በውጭ አገር መርከቦች ላይ ዋና መሐንዲስነትና ካፒቴንነት የደረሱ ኢትዮጵያውያን በዕረፍታቸው ጊዜ መጥተው እንዲያስተምሩ ይጋበዙ። የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላትም ጥቂቶች አሁንም በሕይወት አሉ። አዲስ ባሕር ኃይል እየተቋቋመ ነው ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፣ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት መፈረሙንም ሰምተናል። ደግ ነው። ፈረንሳዩን ስንጋብዝ ጉለሌና አቃቂ የተቀመጠውን የራሳችንን ሰው ግን እንዳንረሳ። ሽማግሌው ራዳሩን ላያውቅ ይችላል። ዓይን አስሮ ፓምፕ ማስፈታት ግን ያውቃል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ሌላ ሐቀኛ መንገድ አለ። ጥቂት መቀበል! ሦስት በቅጡ የሚያስተምሩ ሰዎች ካሉህ ሦስት ሰዎች የሚችሉትን ያህል ልጅ ተቀበል። ሠላሳ በቅጡ የሠለጠኑ ልጆች የአገር ስም ያስጠራሉ። ሦስት መቶ ሥዕል የገለበጡ ልጆች ግን አንድ ቀን፣ በአንድ ጨለማ ሌሊት፣ ራሳቸውንም ጓደኛቸውንም ይዘው ይሄዳሉ። ያኔ ወረቀት ብናወጣ፣ ማኅተም ብናሳይ፣ ባሕር አያነብልንም።

ያ ተማሪዬ ዛሬም ባሕር ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወደብ ደውሎልኝ ነበር። አዲስ ካዴቶች መርከባቸው ላይ መጥተዋል። «ጋሼ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወስጄ እጀታዎቹን አሳየኋቸው። በማግሥቱ መብራት አጥፍቼ እየዳበሱ እንዲያገኟቸው አደረግሁ» አለኝ። ሳቅኩ። ቀጥሎም አለቀስኩ። እኔ ደመወዝ ተከፍሎኝ ያላደረግሁትን እሱ ያለ ክፍያ አደረገው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ሲመለስ፣ ዕረፍት ሲወጣ፣ አገሩ ገብቶ ለጥቂት ወራት ማስተማር ይፈልግ እንደሆነ። ዝም አለ። ከዚያ «ማን ይጠራኛል ጋሼ?» አለኝ።

መልሱን ለሚመለከታቸው ትቻለሁ። ቸር ይግጠመን።